ለትዕግስት ያላደረስኩት መልእክት

ካለፈው ወር በፊት ይህን ነገር ለማንም ተንፍሼው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ ስናዘዝ እንኳ ቁጣዬን፣ ስካሬን፣ ጾም መግደፌን አንድ በአንድ እየተናገርኩ ይህን ዘልዬው አልፍ ነበር። እሳቸውም «ሌላ የቀረ አለ ልጄ?» ይሉኛል። «የለም አባ» እላለሁ። ነበረ። ለእናንተ ግን ምንም ሳላስቀር እናገራለሁ።

ሚስቴ ትዕግስት ትባላለች። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። እኔ አቃቂ በሰቃ አንድ ጋራዥ ውስጥ የከባድ መኪና መካኒክ ነኝ። እሷ ያኔ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የሠራተኞችን ማኅደር ትይዝ ነበር። በዲፕሎማዋ እዚያው ወንበር ላይ ማርጀት አልፈለገችም፤ ሳሪስ አካባቢ ባለ ኮሌጅ በቅዳሜና እሁድ ፕሮግራም የሰው ሀብት አስተዳደር ለዲግሪ መማር ጀመረች። የተመዘገበች ቀን አብሬያት ተሰልፌያለሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህ ውሸት አይደለም። እሷ ክፍል ስትውል ልጃችንን መክሊትን እኔ እይዛለሁ፤ ፓስታ አሳርሬ እኔና ልጄ እየሳቅን እንበላለን።

ታዲያ ምን ነካኝ? አንድ እሁድ የግሩፕ አሳይመንት ለመሥራት ጓደኞቿ እቤት መጡ። ሻይ አፍልቼ አቀረብኩ። ስለ ሠራተኛ መብት ይከራከሩ ነበር፤ ትዕግስት መናገር ስትጀምር ሁሉም ዝም አሉ። ያን ፊቷን አይቼው አላውቅም። እንደዚያ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። ከዚያ አንዱ ልጅ ወደ እኔ ዞሮ በቅን ልቦና፣ «ጋሼ፣ እርስዎስ ምን ነበር የተማሩት?» አለኝ። እኔ ከአሥረኛ ክፍል አላለፍኩም። «እኔ የመኪና ሰው ነኝ» ብዬ ሳቅኩና ኩሽና ገባሁ። ትዕግስት ተከትላኝ መጥታ እጄን ጨበጥ አደረገችው። ፍቅሯን ነበር የሰጠችኝ፤ እኔ ግን አዘነችልኝ ብዬ ተረዳሁት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፈራሁ። ስትመረቅ እኔን ምን ታደርገኛለች? እያልኩ ብቻዬን ስፈጭ ከረምኩ። አንድ ቀን እንኳ አፍ አውጥቼ ብጠይቃት ምን ነበረበት?

የመመረቂያ ጽሑፏን የምታቀርበው እሁድ ነበር። ዓርብ አመሻሽ ላይ ጋራዥ ስንዘጋ ስልኬ ጠራ። ሰናይት ናት፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከትዕግስት ጋር አንድ ዴስክ የተጋራች የልብ ጓደኛዋ።

«ትዕግስትን አጣኋት፣ ስልኳ ዝግ ነው» አለችኝ። «ፕሬዘንቴሽኑ ወደ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ዞሯል። እሁድ ፈታኞቹ አይመጡም። አደራህን ንገራት።»

«እሺ፣ እነግራታለሁ» አልኩ።

ልነግራት ነበር። እውነቴን ነው፣ ደረጃውን ስወጣ ልነግራት ነበር። ሰፈሩ መብራት ጠፍቷል፤ ስልኳም የተዘጋው ባትሪ ጨርሶ ነው። በሩን ስከፍት በመስኮቱ ብርሃን መክሊትን ወንበር ላይ አስቀምጣ፣ እሷ ፊት ቆማ ጽሑፏን ትለማመዳለች። መክሊት «ቀጥይ ተማሪ!» ትላታለች፤ ሁለቱም ይስቃሉ። እኔን ስታይ ግን ትዕግስት አፈረችና አቆመች። እኔ ስገባ አቆመች። ይህችን ትንሽ ነገር አነሳኋትና ልቤ ውስጥ እንደ ድንጋይ አስቀመጥኳት። መልእክቱን ዋጥኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ሥራ አልገባሁም። ትዕግስት ዘና ብላ ልብስ ታጥብ ነበር፤ ጥናቱን ስለጨረሰች ደስ ብሏታል። ሁለት ሰዓት ሲሆን የእኔን ቱታ እያሸች ነበር። ግሪሱ አልለቅ ብሏት ክንዷ እስኪዝል ታሸዋለች። እኔ ተቀምጬ አያታለሁ። ያኔ እንኳ ብነግራት በታክሲ ትደርስ ነበር። አፌን ማን ያዘው? ማንም። እኔ ነኝ። እኔ ነኝ ተቀምጬ ያየሁት።

እኩለ ቀን ላይ መብራት መጣ። ስልኳን ቻርጅ ላይ እንደሰካችው ጠራ። ስታወራ ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ። ከዚያ ስልኩን ከጆሮዋ ሳታወርድ ወደ እኔ ዞረች።

«ሰናይት ትናንት ለባልሽ ነግሬዋለሁ ትላለች። ደውላልህ ነበር?»

«ኧረ ማንም አልደወለልኝም» አልኩ።

ጥሪውን ከስልኬ ላይ አጥፍቼው ነበር፣ ምናልባት ካየችው ብዬ። እሷ ግን አሳየኝ አላለችም። ወደ ስልኳ ተመለሰችና፣ «ባሌ አይዋሽም ሰናይት! ረስተሽ ከሆነ ረሳሁ በይኝ እንጂ!» ብላ ጮኸችባት። እዚያው አልጋው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔ አቅፌ አባበልኳት። በዚያው በዋሸሁበት አፌ «አይዞሽ» አልኳት።

ኮሌጁ ፕሬዘንቴሽኗን ለሚቀጥለው ዓመት አስተላለፈባት። ሰናይት ተመረቀች። መጥሪያ ካርድ ብትልክም ትዕግስት አልሄደችላትም፤ ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ተነጋግረው አያውቁም። በዓመቱ ትዕግስትም ተመረቀች። የፈራሁት አልደረሰም፤ ጥላኝ አልሄደችም። በምርቃቷ ቀን ለእንግዶቹ፣ «እሱ ባይኖር እዚህ አልደርስም ነበር» አለቻቸው። እኔ አበባ ይዤ አጠገቧ ቆሜያለሁ።

አምና እኔን ራሴን ትምህርት ቤት አስገባችኝ። «እጅህ ያውቃል፣ ወረቀቱን ደግሞ እንጨምርበት» ብላ ለሠራተኞች በሚሰጥ የቅዳሜ ፕሮግራም የጋራዥ አመራር አስመዘገበችኝ። እራት እየበላሁ ትጠይቀኛለች፤ ስሳሳት ኩርኩም ታቀምሰኛለች። ባለፈው ወር የፈተናዬ ቀን ቃሊቲ የምማርበት ኮሌጅ በር ላይ ስደርስ መታወቂያዬ የለም፤ ዘበኛው አላስገባም አለኝ። ደወልኩላት። ኮንትራት ባጃጅ ይዛ በነጠላ ጫማዋ መጣች። ገና ባጃጁ ሳይቆም ዘላ ወረደችና መታወቂያውን እጄ ላይ አደረገች። «ግባ፣ አትደንግጥ፣ ገና አልተጀመረም» አለችኝ። እሷ ራሷ እያለከለከች ነበር።

ገብቼ ተቀመጥኩ። የጻፍኩትን አላስታውስም። ስወጣ በሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች። ወደ ታክሲው እየሄድን «እንዴት ነበር?» አለችኝ። እዚያው መንገድ ላይ ነገርኳት። ሰናይት ደውላልኝ እንደነበር፤ ሰምቼ እንደተውኩት፤ ዋሽቼ እንዳስለቀስኳት።

ቆመች። ስለ ባከነው ዓመቷ ትናገራለች ብዬ ጠበቅኩ።

«ሰናይትን እኮ ውሸታም አደረግኳት» አለች ቀስ ብላ።

ወደ ቱሉ ዲምቱ የሚሄደውን ታክሲ ትታ መንገዱን ተሻገረች። «ና። አንተ ትነግራታለህ።»

የሰናይት ቤት ከሳሪስ አቦ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ነው። በሩን ስትከፍት ሁለቱ ተያዩ። እኔ እዚያው ደጃፉ ላይ ቆሜ ተናገርኩ። ሰናይት እኔን አላየችም። ትዕግስትን አቅፋ፣ «እሱን በማመንሽ አልተቀየምኩሽም፤ ባልሽ ነው፣ ትዳርሽን አልበጥብጥ ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አለቻት። ተቃቅፈው ሲያለቅሱ እኔ ከበሩ ውጭ ቆየሁ። ማንም ግባ አላለኝም፤ ልክ ነበሩ።

አሁን አብረን ነን። ቤታችን ውስጥ ሳቅ አለ፤ ትዕግስት አሁንም እራት ላይ ትጠይቀኛለች። ይቅር ብዬሃለሁ ግን አላለችኝም፤ እኔም በይኝ አላልኳትም። ፈርቼ ነበር ብዬ ላመካኝ? እሷም ጽሑፏን ለማቅረብ ፈርታ ነበር፤ ግን በፍርሃቷ ማንንም አልጎዳችም።

ባለፈው እሁድ ሰናይት በእኔ ስልክ ደውላ «ዘጠኝ ሰዓት ላይ እመጣለሁ በላት» አለችኝ። ወዲያው ሄጄ ለትዕግስት ነገርኳት። «እሺ» አለች። ከዚያ ስልኳን አነሳችና ዘጠኝ ሰዓት መሆኑን ሰናይትን ራሷን ጠየቀቻት።