ፈረሱ ሳይጠጣ

የነገሌ ሰው ጋሽ ወልደገብርኤልን በሁለት ነገር ያውቀዋል፤ በጢሙና በአገዳ ፈረሶቹ። በፈረሰኛ ጦር ሃያ ዓመት አገልግሎ ሲሰናበት ከፈረሰኛነት ዘመኑ የተረፈው አንድ የዛገ እርካብ ብቻ ነበር። የከተማው ትምህርት ቤት ዘበኛ አድርጎ ቀጠረው። ፊደል ቆጣሪዎቹ ትንንሾች አስተማሪ ስለሚያጥራቸው ግማሹን ቀን ሜዳ ላይ ሲቧቀሱ ይውላሉ። አንድ ቀን ዳይሬክተሩ መረረውና «እስቲ አንተ ያዝልን» አለው። ጋሽ ወልደገብርኤል የሚያውቀው አንድ ሙያ ነው፤ ልጆቹን ፈረሰኛ አደረጋቸው።

ለእያንዳንዳቸው አንድ የበቆሎ አገዳ ሰጠ። ጋሻ ከላም ቆዳ ቁራጭ ተሠራ። ልጓሙን ሚስቱ ብዙወርቅ ከአሮጌ ቀሚሶቿ እየቀደደች ሰፋች። የፈረሰኛ ሕጉንም እሱ አወጣ፦ የወደቀ አይመታም፤ ታላቅ ሰው ወይም አስከሬን ሲያልፍ ከፈረስ ይወረዳል፤ ጓዱን እግረኛ ትቶ የሚጋልብ የለም፤ ፈረሱ ሳይጠጣ ፈረሰኛው አይጠጣም። ስለዚህ ልጆቹ ጉግስ ተጫውተው ሲመለሱ፣ ምላሳቸው ከጥማት ቢደርቅም፣ ውሃውን መጀመሪያ በጣሳ ለአገዳው ያቀርባሉ። ከዚያ ነው የሚጠጡት።

አባቶች ሳቁ። ሊበን ሜዳ ላይ እውነተኛ ፈረሶች ያሉት ጃታኒ፣ ልጄ ጉያቱ ከመራመዷ በፊት ኮርቻ ላይ የተቀመጠች ናት፣ አሁን ደገኛ መጥቶ አገዳ ሊያስጋልባት ነው እያለ ገበያውን ያስቅ ነበር። ሦስት ወር ሳይሞላ ጉያቱ አባቷን መንገድ ላይ ባገኘችው ቁጥር ከአገዳዋ ወርዳ በሁለት እጇ ትጨብጠው ጀመር። ጃታኒም መሳቁን ተወ።

በአራተኛው ዓመት ከዝናቡ በኋላ ወባ ገባ። ብዙወርቅን በአራት ቀን ወሰዳት።

ጋሽ ወልደገብርኤል አላለቀሰም። የሞተች ለት ግቢውን ጠረገ፤ የተናጋውን የበር ማጠፊያ መታ። ጎረቤቷ ወለተሐና፣ አልቅስ እንጂ ይውጣልህ ብትለው «እሺ» ብሎ ተቀመጠ። እንባው ግን እምቢ አለ። ሰው ማንሾካሾኩ አልቀረም፤ ሰው መቼ ዝም ብሎ ያውቃል! እሱን የከበደው ግን የሰው ወሬ አልነበረም። ሐዘኑን ኪሱ ውስጥ እንደጠፋ ቁልፍ ሲፈልገው አድሮ አላገኘውም፤ ሠላሳ ዓመት አብሯት የኖረውን ሴት አልወዳትም ነበር ማለት ነው? ይህን ፈራ። ከሞተችበት ሰዓት ጀምሮ ውሃ እንኳ አልቀመሰም።

በማግስቱ ቀትር ላይ ቃሬዛው በትምህርት ቤቱ ሜዳ ዳር አለፈ። ልጆቹ ያለ እሱ ጉግስ ይጫወቱ ነበር። የዚያን ሳምንት አለቃ የነበረችው ጉያቱ አስከሬኑን አየችና «ውረዱ» አለች። ሃያ ሁለት ፈረሰኞች ወረዱ፤ ጋሻቸውን ዝቅ አድርገው፣ ፈረሳቸውን በልጓም ይዘው ቆሙ። ከለቀስተኛው አንድም የሳቀ የለም።

ከዚያ ጉያቱ ከሰልፉ ወጥታ ወደ እሱ መጣች።

«አባባ፣ እርስዎ እግረኛ ነዎት» ብላ የፈረሷን ልጓም አስጨበጠችው።

ሕጉ የራሱ ነውና እምቢ ሊል አልቻለም። ልጓሙ ብዙወርቅ ለጥምቀት ትለብሰው ከነበረው ሰማያዊ ቀሚስ የተቀደደ ነበር። ሽበታሙ ወታደር የበቆሎ አገዳ እየጎተተ ቤተ ክርስቲያን ደረሰ፤ መቃብሩ ተደፍኖ እስኪያልቅም አልለቀቀውም። አንዳንዱ አእምሮው ተነካ ብሎ ከንፈሩን መጠጠ።

ቤት ሲመለሱ አገዳውን ከጎኑ ግድግዳ ላይ አስደግፎ ተቀመጠ። ወለተሐና ለሦስተኛ ጊዜ ውሃ በጣሳ አቀረበችለት፤ አልጠማኝም አለ። ሽማግሌዎቹ ለመኑት፤ እጁን አልዘረጋም። ይሄኔ ጉያቱ ከአባቷ ከጃታኒ ጎን ተነሥታ ጣሳውን ተቀበለችና ከአገዳው ፊት መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«ፈርዲ ቢሻን ሂንዱግኔ» አለች። ለቀስተኛ ሴቶቹ እንዳልገባቸው ስታይ በአማርኛ ደገመችው። «ፈረሱ ውሃ አልጠጣም።»

ጋሽ ወልደገብርኤል ፈረስ ጠጥቶ እስኪረካ የሚፈጀውን ጊዜ ያውቃል፤ ያን ያህል ጠበቀ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጣሳውን አነሣና እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠጣው። ባዶውን ለወለተሐና ሲመልስ ልጓሙ ላይ የተተረተረች ክር አየ። በጣቱ ጎተት አደረጋትና ቀና አለ።

«ብዙወርቅ፣ መርፌሽ የት ነው?» አለ።

ያኔ አለቀሰ።