ላሊበላ የገባው ባቡር

ላሊበላ ባቡር ገብቶ አያውቅም ይላሉ። ውሸት ነው። ገብቷል። ያስገባነው እኔና አጎቴ ነን፤ የገባውም በዓሣ ገንዳ ውስጥ ነው።

«እንዴት ሆኖ?» የሚል አንባቢ ጥቂት ይታገሠኝ። በደርግ ዘመን ሰው ከፍርሃት በቀር ሌላ ነገር አያውቅም ነበር የሚለኝን ግን እኔ አልታገሠውም። ፍርሃቱ ነበር፤ ቀበሌው ነበር፤ ማለቂያ የሌለው ስብሰባ ነበር። ቢሆንም በዕድሜዬ እንደዚያ ክረምት ልቤ እየዘለለ ከአልጋዬ የወረድሁበት ጊዜ የለም። ይህን የምለው ደርግን ለማመስገን አይደለም። ደርግ ስለ ዓሣ ገንዳው የሚያውቀው ነገር አልነበረም።

አጎቴ ገና ጎረምሳ ሳለ ከላስታ ጠፍቶ ድሬዳዋ ገባ። እዚያ በምድር ባቡር ጋራዥ ብዙ ዓመት ሠራ፤ ኋላ እግሩ ላይ ብረት ወደቀበትና እያነከሰ ወደ አገሩ ተመለሰ። ያረፈው አባቱ ዘንድ፣ ማለትም እኔን ያሳደጉኝ አያቴ ቤት ነው። አያቴ ቄስ ናቸው፤ እንደ አብዛኛው የአገራችን ቄስ ጉልበታቸው እስኪደክም ድረስ አራሽም ነበሩ። እኚህ ሰው ልጃቸው ያን ሁሉ ዓመት የት እንደ ቆየ አንዴ ወስነው ጨርሰዋል። እስር ቤት ነው የቆየው።

ከዚህ የሚመልሳቸው አልተገኘም። ሰንበቴ ላይ፣ ጠላው ከመቀዳቱ በፊት፣ ብድግ ይሉና «ልጄን ከእስር ፈትተህ ለዓይኔ ያበቃህልኝ አምላክ፣ ተመስገን!» ይላሉ። ሰዉ «አሜን» ይላል። አጎቴም ጥርሱን ነክሶ አብሮ «አሜን» ይላል። ምን ያድርግ? ጸሎት ነው።

በዚያ ጊዜ «ታስሮ የተፈታ» መባል ከቀበሌ ጋር የሚያነካካ ነገር ነበር። አጎቴን የሚያንገበግበው ግን እሱ አይደለም። የሚኮራበትን የዕድሜውን ግማሽ አባቱ እንደ ቅጣት ቆጠሩበት።

ነገሩ የተበላሸው በመሪ ምክንያት ነው። ለላስታ ሰው ያኔ ባቡር ማለት የእህል ወፍጮ ነው፤ ወፍጮ ደግሞ ካለበት ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ አጎቴ በመጣ ሰሞን የምድሩን ባቡር ለአባቱ ከራስ እስከ እግሩ ይገልጽላቸው ጀመር። ፍሬኑን ተናገረ፤ ፊሽካውን ተናገረ፤ ሰው የሚጫንባቸውን ፉርጎዎች ተናገረ። አያቴ እስከዚህ ድረስ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙት።

«መሪውስ?» አሉ። በጭነት መኪና ወልድያ ወርደው ያውቃሉና መሪ ምን እንደ ሆነ ያውቃሉ።

«መሪ የለውም፣ አባ።»

«ምን?»

«ባቡር መሪ የለውም። ሐዲዱን ተከትሎ ራሱ ይዞራል።»

አያቴ እሱ እዚያ እንደሌለ ሁሉ ወደ እኔ ዞረው፣ «አየሽው? እስከዚህ ድረስ ደኅና አድርጎ ሲዋሽ ነበር» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ አጎቴ ቢናገርም ቢሠራም ማስረጃ ሆነበት። የተነደለ ድስት ቢበይድ፣ «እዚያ ነው የተማረው፤ እስር ቤት ሙያ ያስተምራሉ» ይባላል። በጠዋት ቢነሣ፣ «የእስረኛ ቆጠራ ለምዶ ነው።»

እኔ በከተማው ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነበርሁ። ሆቴሉ ከተወረሰ ወዲህ እንግዳው ስለ ጠፋ ሥራዬ ፈረንጆች ረስተዋቸው የሄዱትን መጻሕፍት ማንበብ ሆኖ ነበር። የተማርሁት እዚያ ነው። ዩኒቨርሲቲ በኋላ የጨመረልኝ ነገር ቢኖር ወንበር ነው። ከመቀበያው ጥግ ሁለት ክንድ የሚሆን ትልቅ የመስተዋት የዓሣ ገንዳ ነበረ። በንጉሡ ጊዜ ቀያይ ዓሦች ይዋኙበት ነበር አሉ። ጄነሬተሩ ቀን ቀን መጥፋት ሲጀምር አየር የሚነፋላቸው ሞተር ቆመ፤ ዓሦቹም አለቁ። እኔ ስቀጠር የተቃጠሉ አምፖሎችና በራቸው የማይታወቅ ቁልፎች ማጠራቀሚያ ሆኖ ነበር።

አንድ ቀን በአንድ የቆየ መጽሔት ላይ ሽማግሌ ፈረንጆች ጠረጴዛ ላይ ትንንሽ ባቡር ሲነዱ አየሁ። ተራራ ሠርተውለታል፤ ዋሻ አላቸው፤ ጣቢያ አላቸው። መጽሔቱን ይዤ እየሮጥሁ አጎቴ ዘንድ ሄድሁ።

«እንሥራው!»

«ምኑን?»

«ባቡሩን! ራሱ ሲዞር አባ በዓይናቸው ይዩት!»

ሥዕሉን አገላብጦ አየና ተስፋ በቆረጠ ድምፅ፣ «በክር ይጎትቱታል ይላሉ። ከሥሩ አይጥ አስገብተውበታል ይላሉ። አባትሽን አታውቂያቸውም እንዴ?» አለኝ። አያቴን አባቴ እያልሁ ነው ያደግሁት።

አውቃቸዋለሁ እንጂ። ገንዳው ትዝ ያለኝም ያን ጊዜ ነው። አራት ማዕዘኑ መስተዋት! ክር የሚደበቅበት የለም፤ አይጥ የሚደበቅበት የለም። ስለ ማስረጃ የተጻፉ ወፋፍራም መጻሕፍት ከዚያ በኋላ አንብቤአለሁ፤ ከዓሣ ገንዳ የተሻለ ሐሳብ ያገኘሁባቸው የሉም።

መፍጠን ነበረብን። የአያቴ ግራ ዓይን በሞራ ተሸፍኗል፤ ቀኙም እየደበዘዘ ነው። በዚያ ክረምት ካላዩት አያዩትም።

ከአዲስ አበባ የተሾመውን ሥራ አስኪያጅ ገንዳውን እንዲሰጠኝ ጠየቅሁት። «ለምን?» አለ። «ለአብዮት በዓል፤ የሠራተኛውን መደብ የሚያሳይ ነገር እንሠራበታለን» አልሁት። የሠራተኛው መደብ የዓሣ ገንዳ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ሳይጠይቅ ፈቀደ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳስታውስ አሁንም እጄን ያሳክከኛል። ሐዲዱን ከጃንጥላ ሽቦ ሠራነው። ላሊበላ ውስጥ ያረጀ ጃንጥላ አይታጣም፤ ሽቦው ደግሞ ቀጭን ሆኖ ጠንካራ፣ ቀስ ብለው ካጎበጡት እንደ ጎበጠ የሚቀር ነው። አያቴን የጣሉትን ጃንጥላ ብጠይቃቸው፣ «ጃንጥላ መጠገንም ያስተምሯቸዋል?» ብለው ሰጡኝ። ሞተሩን ከሞተ ካሴት ማጫወቻ አወጣነው። የሚነዳው በባትሪ ድንጋይ ነው፤ ድንጋዮቹን ከኋላ የምትጎተት ፉርጎ ትሸከማቸዋለች። የባቡሩ ገላ የሰርዲን ቆርቆሮ ነው፤ ከዓሣ ዘር ገንዳው ውስጥ የቀረ እሱ ብቻ ነበር። እግሩ ደግሞ ቆርኪ።

ቆርኪዎቹን የገጠምኋቸው እኔ ነኝ። ሰፋ ያለውን ጠርዛቸውን ወደ ውጭ አድርጌ፣ እንደ መኪና ጎማ አሳምሬ ገጠምኋቸው። አጎቴ አይቶ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

«ገደል ልትከችን ነው? ጠርዙ ወደ ውስጥ! ወደ ውስጥ ሆኖ ሐዲዱን አቅፎ ይይዘዋል፤ ሐዲዱ ሲጎብጥ አብሮ ይጎብጣል። አባ ‘የታለ’ የሚሉት መሪ እኮ ይሄ ነው!»

የቆርኪ ጠርዝ! ያን ጊዜ የተሰማኝን ስሜት ብዙ ፈላስፋ አንብቤ ደግሜ አላገኘሁትም።

ተራራውን ለጎረቤታችን ለድንጋይ ጠራቢው ሰጠነው። ይህ ሰው ለቱሪስት የሚሸጡ ትንንሽ አብያተ ክርስቲያናት ከቀይ ለስላሳ ድንጋይ የሚቀርጽ ነው፤ ቱሪስት ከጠፋ ወዲህ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። «ከዳር እስከ ዳር የሚያሳልፍ ዋሻ ያለው ተራራ ሥራልን» አልነው፤ በዋሻው የሚያልፈውን እንዲያውቅ ብዬም የመጽሔቱን ሥዕል አሳየሁት። ቆይቶ ቆይቶ ሥራውን በአህያ ጭኖ መጣ። ስንገልጠው አፋችን ተከፈተ። ገደል አለው፤ ዋሻ አለው። ከዋሻው አፍ ግማሽ አካሉ የወጣ ባቡር አለ፤ መስኮቶቹ ሳይቀሩ ተፈልፍለዋል። ሁሉም፣ ባቡሩም ሐዲዱም ተራራውም፣ አንድ ድንጋይ ነው።

«ጋሼ፣ ባቡሩ ከሐዲዱ ጋር ተጣብቋል እኮ» አልሁ ቀስ ብዬ።

«አልተጣበቀም!» አለ ተቆጥቶ። «እኔ መቼ ማጣበቅ አውቃለሁ? አንድ ድንጋይ ነው።»

«መሄድ አለበት» አለ አጎቴ።

«ወዴት?»

«ዝም ብሎ መሄድ! መዞር!»

«አንተ ሰው፣ ለያይቶ ማስቀመጥማ ማንም ይችላል። እዚህ አገር ሥራ ማለት ከአንድ ድንጋይ ማውጣት ነው። ይኸው ቤተ ክርስቲያኑ ይሄን ሁሉ ዘመን ቆሟል። ያንተ ባቡር ስንት ዓመት ቆመ?»

«ባቡር አይቆምማ! ነገሩ እሱ ነው!»

ጠራቢው አኩርፎ፣ እያኮረፈም ቢሆን በተራራው በሌላው ጎን ሁለተኛ ዋሻ በሳልን። ተራራውን ገንዳው ውስጥ አስቀመጥነው፤ የድንጋዩ ባቡር በቦታው ቀረ፤ የኛው በአዲሱ ዋሻ ያልፋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ጠራቢው ከሆቴሉ አልጠፋም። «አልሄደም አይደል?» እያለ በየጠዋቱ ይመጣል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ባቡሩ ሄደ። ስንትና ስንት ጊዜ ወድቆ፣ ስንቴ ተቃንቶ፣ ቀጥታውን ጨረሰና ኩርባው ላይ ደረሰ፤ ዞረ። ማንም ሳይነካው ዞረ! ጮኽሁ። አጎቴም ጮኸ። ሥራ አስኪያጁ ሰው የተገደለ መስሎት ከቢሮው ሮጦ ወጣና አፉን ከፍቶ ቀረ። «እስቲ ድገሙት» አለ። ደገምነው። «አንድ ጊዜ ብቻ» አለ። በኋላ እንዳወቅሁት፣ እኛ ከሄድን በኋላ በየቀኑ ብቻውን ሲያዞረው ነበር፤ የባትሪ ድንጋዮቻችንን የጨረሰብንም እሱ ነው።

አያቴ የሚመጡበት ቀን ደረሰ። ሆቴሉን ረግጠውት አያውቁም። ምርኩዛቸውን ይዘው ገቡና በቀኝ ዓይናቸው ተጠግተው መጀመሪያ የድንጋዩን ባቡር አዩት፤ ዳሰሱት።

«ይሄ ደግ ሥራ ነው። ይሄን አምናለሁ» አሉ። ጠራቢው አጎቴን በኩራት አየው።

«የሚሄደው ያኛው ነው፣ አባ።»

ገንዳውን ዞረው መረመሩት። ክር ካለ ብለው ምርኩዛቸውን በላዩ አሳለፉ፤ ከጠረጴዛው ሥር ዳበሱ። «አይጥ የለም» ብለው ፈረዱ። አጎቴ ሽቦውን አገናኘ።

ባቡሩ ተነሣ። ቀጥታውን ሄደ። ወደ ዋሻው ገባ፤ ፉርጎዋ ጅራቷን ውጭ እንዳስቀረች፣ ቀጥ አለ።

አያቴ ቀስ ብለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ቢሳለቁ ይሻል ነበር፤ እሳቸው ግን በርኅራኄ፣ «ልጄ፣ መታሰር እኮ ነውር አይደለም። በዚህ ዘመን ያልታሰረ ማን አለ?» አሉት። ሥራ አስኪያጁ ሳል ያዘውና ወደ ውጭ ወጣ።

አጎቴ እኛ ሁላችን መኖራችንን ረስቶታል። ገንዳው ላይ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ወደ ዋሻው አስጠጋና ይቆጣ ጀመር። «አንተ! አሁን? ሰው ፊት? ያን ሁሉ ዓመት ተንከባክቤህ ይሄው ነው ዋጋዬ? ተነሥ! ተነሥ እንጂ፣ አንተ ሰነፍ!» የባትሪ ድንጋዮቹን ከፉርጎዋ አወጣቸው፤ አንድ በአንድ በጥርሱ ነከሳቸው፤ እየተሳደበ መለሳቸው፤ ቆርቆሮውን በጣቱ መታ መታ አደረገው፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ደግሞ፣ «በል ጌታዬ፣ በል አንድ ጊዜ» እያለ ይለምነው ገባ።

ባቡሩ አጉረመረመ። በዋሻው በዚያኛው አፍ ብቅ አለና ኩርባውን ዞረ። «አባ፣ ዞረ! ይዩ፣ ዞረ!» ብዬ ጮኽሁ።

«ዝም በይ አንች» አሉኝ። ባቡሩን አያዩም ነበር፤ የሚያዩት ልጃቸውን ነው። «ቡሬ በሬዬን እኔ እንዲህ ነበር የምቆጣው። ድምፁ ሳይቀር የኔው ነው። ወህኒ የከረመ ሰው ብረት ይጠላል፤ ይሄ ብረት የሚለምን ነው።»

አጎቴ ቀና አለ።

«ይቆምባችሁ ነበር?» አሉት።

«ብዙ ጊዜ፣ አባ።»

«ሰዉስ ምን ይላል?»

«ይሰድበናል።»

«ታዲያ ይሄን ቀድመህ አትነግረኝም?» አሉ ተቆጥተው። «‘መሪ የለውም፣ መሪ የለውም’ ብቻ ትለኛለህ!»

በሚቀጥለው ሰንበቴ አያቴ ብድግ ብለው፣ «ልጄን ከባቡር በሰላም ያወረድህልኝ አምላክ፣ ተመስገን!» አሉ። የአጎቴ «አሜን» ከሁሉ በላይ ተሰማ።

ከደርግ ውድቀት በኋላ ሆቴሉ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ገንዳውም ባቡሩም ጠፉ። የድንጋዩ ተራራ ስለ ከበዳቸው ቀረ፤ ዛሬ የቤቴን በር ደግፎ ይይዝልኛል። የማይሄደው ባቡር መትረፉን ጠራቢው ቢያይ ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ። ይህን ታሪክ በአንድ የደራስያን ስብሰባ ላይ ብናገር አንዱ ተነሥቶ፣ «ዘመኑን የሚያሳይ ግሩም ተምሳሌት ነው» አለኝ። ተምሳሌት አይደለም። ባቡር ነው።

ባለፈው ዓመት አጎቴን ቀበርን። ከቀባሪዎቹ አንድ አዛውንት እንባቸውን እየጠረጉ፣ «ያን ሁሉ ዓመት ታስሮ፣ ተፈትቶ መጥቶ…» አሉ። አያቴ የሉ፣ ገንዳው የለ፤ የማሳየው አጥቼ ቆምሁ።

ስለዚህ ከዚያ ሆቴል ዕቃ የደረሳችሁ ሰዎች፣ ስሙኝ። ከቁም ሣጥናችሁ ላይ ወይም ከልጆቻችሁ መጫወቻ መካከል የቆርኪ እግር ያለው የሰርዲን ቆርቆሮ ካለ የኔ ነው። እንዴት እንዳገኛችሁት አልጠይቅም። ገንዳው ይቅርላችሁ፣ ዓሣ አርቡበት። ባቡሩን መልሱልኝ።