ዘጠኝ አጭር በር

የእንጨት ሥራ ወርክሾፑ አለቃ የሚወዳት ሜትር ጫፏ ተበልቷል። አዲስ ግዛ ቢሉት አይሰማም። ከዐሥር ቁጥር ጀምሮ ይለካና ዐሥሯን በልቡ ቀንሶ ይጽፋል። ሃያ ዓመት እንዲህ ሲለካ አልሳተም፤ ስለዚህም የሚሳሳት ሰው አይገባውም ነበር።

አንድ ቀን ለትምህርት ቤት የተሠሩ ዘጠኝ በሮች ተጭነው ሄደው፣ ተጭነው ተመለሱ። ሁሉም ዐሥር ሳንቲ ሜትር ያጥራሉ።

“ድመት ሳታጎነብስ በሥራቸው ታልፋለች!” ብሎ ጮኸ አለቃው፣ ሠራተኛው ሁሉ በቆመበት። የጮኸው በሮቹን በቆረጠው በዝምተኛው ላይ ነው። ዝምተኛው ይህ ስም የወጣለት ሲተኛ ብቻ ዝም ስለሚል ነው። ከአለቃው ጋር ሙያውን የተማሩት ከአንድ መምህር እጅ ነው።

“ወረቀቱን አይተኸዋል?” አለ ዝምተኛው።

“ወረቀት አታሳየኝ! መጋዝ መያዝ ካቃተህ ቤትህ ተቀመጥ!”

ዝምተኛው ሽርጡን ፈታ፣ ምስማር ላይ ሰቀለና ወጣ።

ሰው ሲበታተን አለቃው ወረቀቱን አነሳ። የገዛ እጁ ጽሑፍ ነው። ማስታወሻው ላይ ዐሥሯን ቀንሶ ጽፎ ነበር፤ ወደ ሥራ ወረቀቱ ሲገለብጥ ደግሞ ቀንሷታል።

ነገ ሄጄ እነግረዋለሁ አለ። ነገ ሳምንት ወለደ፣ ሳምንቱም ወር። አራት ወር ሞላ።

ዝምተኛው ጉጣም ጣውላ ሲገጥመው “እሺ በይኝ እንጂ እመቤት፣ ምን በደልኩሽ?” እያለ ይለማመጠው ነበር። አሁን ጣውላ የሚለማመጥ የለም፤ የሚጮኸው ማሽኑ ብቻ ነው። አለቃው ምሳውን ጀርባውን ለሰው ሰጥቶ ይበላል። ሚስቱም ሰለቻት፤ “ዛሬ ስሙን ስትጠራ ሦስተኛህ ነው። ወይ ሂድና አምጣው፣ ወይ እኔን አሳርፈኝ” አለችው።

አንድ ጠዋት ከኮምፔንሳቶው ጣውላ ክምር ኋላ የተደበቀ ጠረጴዛ አገኘ፤ ቫርኒሹ ተኮማትሯል። ደሙ ፈላ። አፉን ከፈተ፤ መልሶ ገጠመው። ወደ ውጭ ወጥቶ ቧንቧው ሥር ፊቱን ታጠበ፣ እስኪበርድለትም ቆመ። ተመልሶ ቫርኒሽ ቀቢዋን፣ “ለምን ደበቅሽው?” አላት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

“እንደ ዝምተኛው እንዳልሆን ፈርቼ ነዋ፣ ጋሼ።”

መጋዙ ቆመ። ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ።

“በሮቹን ያሳጠርኳቸው እኔ ነኝ” አለ። “ጥፋቱ የእሱ አልነበረም።”

“እናውቃለን” አለች ቀቢዋ። “ወረቀቱን ሁላችንም አይተነዋል። መስማት ያለበት እሱ ነው።”

ያኔውኑ ሄደ። ዝምተኛውን ከአሉሚኒየም መስኮት ሠሪዎች ጋር ተቀጥሮ አገኘው። ያዋረደው በሰው ፊት ነበርና ይቅርታም በሰው ፊት ጠየቀው፤ ሁለቴ መቀነሱን፣ አራት ወር ማፈሩን፣ አንዱንም አላስቀረም።

ዝምተኛው እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሰማው። “በመጀመሪያው ሳምንት ብትመጣ በሩጫ እመለስ ነበር። በር በተንኳኳ ቁጥር አንተ ትመስለኝ ነበር።”

“አሁንስ?”

“አሁን እዚህ ቃል ገብቻለሁ። ይቅር ብዬሃለሁ፤ ግን አልመለስም።” ከዚያ ፈገግ አለ። “አሉሚኒየም ደግሞ ቢያናግሩት አይሰማም፤ ደረቅ ነው።”

አለቃው ሊለምነው ፈለገ። ግን ሰው የገባው ቃል ነው ብሎ ተወው።

በሦስተኛው ቀን አንድ አናጢ ራሱን እያከከ መጣ። “ጋሼ፣ መሳቢያውን ገልብጬ ነው ያጣበቅሁት።”

ድሮ ቢሆን በአለቃው ጩኸት ጣሪያው ይነሳ ነበር። “እንኳን ነገርከኝ። አምጣው፣ ኮላው ሳይደርቅ እንንቀለው” አለው። የተገለበጠው መሳቢያ ሲመጣ ግን ሳቁ አመለጠው፤ አብሮት እንዲስቅ ዝምተኛው ወደሚቆምበት ዞረ። እዚያ የቆመ ሰው አልነበረም። ሳቁን ዋጠና መሮውን አነሳ።