የማትቆረጠው ጄራኒየም

ታናሽ ወንድሜ አበባ ይወዳል ይባላል። ሰው ምን የማይለው አለ! እኔ የማውቀው አበባ ሲገድል ነው።

እናታችን ስትሞት እዚህ ሐይቅ ከተማ፣ መንገድ ዳር ያለው ቤትም ሱቁም ለእሱ ሆነ፤ አልተከራከርኩም። የለመንኩት በረንዳው ላይ በዘይት ጣሳ ከተተከለችው ከእማዬ ቀይ ጄራኒየም አንዲት ቅንጣቢ ብቻ ነበር። ቤቴ ተክያት፣ ቅጠሏን ሳሸት የእማዬ እጅ እንዲሸተኝ።

«እትዬ፣ ወላሂ አላስቆርጣትም። የእማዬ አማና ናት» አለኝ።

አማና! አደራ መጠበቁ ነው! እማዬ እኮ ክረምት በወጣ ቁጥር ጫፍ ጫፏን ስትቀነጥስ ነው የኖረችው። ጄራኒየም ካልተቆረጠ ይንዘላዘላል እንጂ አያብብም። ቅንጣቢውን ቁስሉ እስኪደርቅ ጥላ ውስጥ ታሳድረውና አሸዋማ አፈር ላይ ተክላ ለለመናት ጎረቤት ትሰጣለች። ወንድሜ ይህን ሁሉ እያየ ነው ያደገው። ዓይኑ ለጌጥ ነው የተሰጠው።

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ ከደሴ ወዳመጣው አብረቅራቂ ባልዲ አዛወራት። ውሃው ፈስሶ በረንዳው እንዳይቆሽሽበት ብሎ ባልዲውን ከሥሩ አልበሳውም። ጠዋትና ማታ በውዱእ ማንቆርቆሪያው ያጠጣታል። ቅጠሏ ቢጫ ሲሆን «ጠምቷት ነው» ይልና ይጨምርላታል። ዙሪያዋንም በሽቦ አጠረ። ዳቦ ሻጯ ጎረቤታችን ለዘመዷ አንድ ቅንጣቢ ብትለምነው እንደ ሌባ አባረራት።

ግንዷ ከሥሩ ሲጠቁር አይቼ «ጫፏ ገና ጤነኛ ነው፤ እሱን እንኳ ስጠኝ» አልኩት። እምቢ አለ። ብዙም ሳትቆይ በስብሳ ወደቀች። ተቀምጦ አለቀሰ፤ እንባውንም ናቅኩት።

ዳቦ ሻጯ ወሬውን ሰምታ መጣች። ያባረራት ሴትዮ፣ በአሮጌ የወተት ጣሳ ቀይ ጄራኒየም ይዛ።

«እናታችሁ የሰጠችኝ ናት። ከዚያችው የተቆረጠች ናት» ብላ በረንዳው ላይ አስቀመጠችለት።

ወንድሜ አመሰግናለሁ እንኳ ሳይል ሽቦውን ጎትቶ ማጠር ጀመረ። «ይችን ማንም አይነካትም!»

ተነሥቼ እዚያው ፊቱ ጫፏን ቀነጠስኩ።

«እትዬ! እማዬን ገደልሻት!» ብሎ ጮኸ።

ቅንጣቢዋን በሻሼ ጫፍ ቋጠርኩ።

«አንዴ ገድለሃታል» አልኩት። «ሁለተኛ አላስገድልህም።»