በልኩ የተቆረጠ ሰላምታ

ስልክ ላይ ረጅም ጽሑፍ ማሳጠር ቀላል ይመስላል። አይደለም። ሐይቅ ከተማ አካባቢ ላሉት ዘመዶቼና ጎረቤቶቻቸው መልእክት የሚለዋወጡበት ትንሽ ፕሮግራም ሠርቼላቸው ነበር። ከእያንዳንዱ መልእክት መጀመሪያውን ብቻ ያሳያል፤ የቀረውን ለማንበብ መንካት ያስፈልጋል። በመጀመሪያ ፊደል እየቆጠረ ስለሚቆርጥ ቃሉን ከወገቡ ይበጥሰው ነበር። በሰፈሩ ሰውን ለደቦ ሥራ የሚጠሩት አጎቴ በየጊዜው እየደወሉ ቁም ስቅሌን አሳዩኝ።

«ምነው አንተ፣ ቃሉን እንደ ዶሮ አንገት የምትቆርጠው?»

እሺ ብዬ አሻሻልኩት። ወደ ኋላ ተመልሶ ቃሉ፣ ከቻለም ዓረፍተ ነገሩ ያለቀበት ቦታ ላይ ይቆርጣል። ጽሑፉ እንደሚቀጥል ለማሳየት ሦስት ነጥብ ጨመርኩበት። አሁንም ደወሉ።

«ይቺ የዝንብ ኩስ ደግሞ ምንድን ናት?»

ነጥቦቹንም አነሳሁ። በእውነት ሰልችቶኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን የእህቴ ባል እግሩ ተሰብሮ አልጋ ላይ ዋለ። አርዲቦ ሐይቅ ዳር ያለው ጤፋቸው ደርቆ መርገፍ ጀምሯል፣ ሰማዩም ያለወቅቱ ይጠቁራል። እኔም አጨዳውን ላግዝ ወደ እነሱ ሄድኩ። እህቴ ጠላ ጠመቀች፤ አጎቴ የደቦውን ጥሪ ጻፉ። ጤና ጠየቁ፣ ከብት ጠየቁ፣ ልጅ ጠየቁ፤ ስለ ጤፉ ያነሱት ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው።

«ሰላምታውን ያሳጥሩት» አልኳቸው።

«የሰውን ደኅንነት ሳልጠይቅ ጉልበቱን ልጠይቅ?»

በማግስቱ ማለዳ ማጭዳችንን ይዘን ማሳው ዳር ቆምን። የመጣ ሰው የለም። ትንሽ ቆይቶ የአጎቴ ስልክ ይጮህ ጀመር። እህቴ ተቀብላ ጮክ ብላ አነበበች።

«ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እናንተስ?»

ቀጥሎ፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ከብቱም ልጁም ደህና።» ሌላም መጣ፣ ሌላም። አገሩ ሁሉ ለሰላምታው መልስ ሰጥቷል። ፕሮግራሜ «ከብቱ ልጁ ደህና ነው ወይ?» ላይ አሳምሮ ስላቆመው፣ ከስሩ ሌላ ነገር አለ ብሎ የጠረጠረ የለም።

«ሁሉም ደህና ነው» አለች እህቴ ስልኩን እየመለሰች። «ጤፌን ማን ይጨድልኝ?»

አጎቴ በየተራ መደወል ያዙ። ያኛው ገበያ ወጥቷል፣ ይኼኛው የሌላ ሰው ማሳ ገብቷል፣ ሌላው ስልኩን አያነሳም። እኔ በአጎቴ እናደዳለሁ፣ አጎቴ በእኔ ይናደዳሉ፤ እህቴ ሁለታችንንም ትታ ማጨድ ጀመረች።

ረፋዱ ላይ አንድ ሰው ማጭዱን ይዞ መጣ፣ የማዶው ጎረቤታችን ነው። እንዴት እንዳወቀ ጠየቅኩት። ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ፤ ያሻሻልኩትን ጭራሽ አልጫነውም።

«ቃሉ መሀል ላይ ተበጥሶ ሳየው፣ ምን ሊሉ ነው ብዬ ከፈትኩት» አለ። «አብሽር፣ እንጀምር።»

ጎንበስ ብዬ ማጨድ ቀጠልኩ። ማሳው ለአራት ሰው በጣም ሰፊ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲጀምር የጤፉ እኩሌታ ገና እንደቆመ ነበር። በአጎቴ ኪስ ውስጥ ስልኩ እንደገና ጮኸ። ያነበበው የለም።