ሦስት ወር እስኪሞላ

«ጨጓራሽን ቤትሽ አስቀምጠሽ ነይ። እዚህ የሚፈለገው እጅና እግርሽ ነው።»

ይህን ያለችኝ የምሠራበት ሆቴል የአስተናጋጆች ኃላፊ ናት። በሹክሹክታ አይደለም ያለችኝ። የቁርስ ሰዓት ነው፤ አዳራሹ ለሥልጠና በመጡ ሰዎች ጢም ብሏል። አዳማ ውስጥ ያለ ሆቴል ያለ ሠልጣኝ አያድርም። እኔ የእንቁላል ፍርፍሩን ትሪ ባንኮኒ ላይ ትቼ ለሁለተኛ ጊዜ መጸዳጃ ቤት ሮጬ መመለሴ ነበር። ዓይኔ ቀልቷል፣ አገጬ ገና እርጥብ ነው። አንዱ ሠልጣኝ ቀና ብሎ አየኝና ሳህኑን ወደ ጎን ገፋ አደረገው።

ጨጓራ አልነበረብኝም። ነፍሰ ጡር ነበርኩ፤ ሦስተኛው ወር ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። ጨጓራ ነው ብዬ የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ ያስዋሹኝ ግን አማቴ ናቸው።

ለመዋሸት ደግሞ እንደ ጨጓራ የሚመች በሽታ የለም። በእኛ አገር ጾም የጎዳውም፣ ንዴት የበላውም፣ ባሏ የመረራትም ጨጓራ አለባት። ጨጓራዬን ብለሽ ሆድሽን ከያዝሽ ማንም ከመቼ ጀምሮ ብሎ አይጠይቅሽም። ሁሉም የራሱን ጨጓራ ማውራት ይጀምራል፣ አንቺ ትረሻለሽ።

አማቴ ዝም እንድል የፈለጉበት ምክንያት አለ። ባለፈው ዓመት አንድ ወርዶብኛል። ያኔ የምርመራው ውጤት እንደታየ ለሥራ ጓደኛዬ ነገርኳት። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ደስ ያለው ሰው አፉን መያዝ አይችልም። ሦስተኛው ወር ላይ ወረደ። ጤና ጣቢያ ያለችው አዋላጅ ብዙ ሴት ላይ የሚደርስ ነው፣ ያጠፋሽው ነገር የለም አለችኝ። አማቴ ግን ጥፋቱን ወዲያው አገኙት። አፌ ነው። ዓይን በላው አሉ፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ አሉ፣ ለጎረቤት አይሉትም እንጂ ለእኔ በየቀኑ አሉኝ። ሊጠይቀኝ የመጣ ሰው አልነበረም። ያልተወለደ ሰው ለቅሶ የለውም። ጥቂት ተኛሁና ተነሥቼ ልብስ አጠብኩ።

ስለዚህ በዚህኛው ጊዜ ውጤቱን ለአማቴ ሳሳያቸው አልሳቁም። በሩን ዘጉና በማርያም አስማሉኝ። ሦስት ወር እስኪሞላ ለማንም፣ መቂ ላለችው እናቴም ቢሆን እንዳልናገር። ባሌ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው፤ ከወር ብዙውን መንገድ ላይ ነው የሚያሳልፈው። ደውዬ ነገሩን ስነግረው «እማዬ የምትልሽን ስሚ» አለኝና ኔትወርኩ ሄደ። የእሱ ኔትወርክ ሁልጊዜ የሚሄደው እኔ ልመልስ አፌን ስከፍት ነው።

እንግዲያው ሥራውን ልተወውና ልተኛ አልኳቸው አማቴን። እሱንም ከለከሉኝ። ደህና የነበረች ሴት በድንገት ሥራ ከተወች ሰፈሩ ምን ሆነች ይላል፤ ምን ሆነች ካለ ደግሞ ያገኘዋል። ስለዚህ ሥሪ። እርጉዝ አለመምሰል የሚቻለው እርጉዝ የማትሠራውን በመሥራት ነው። አማቴ እንዲህ ብለው በቃል አልተናገሩትም፣ እኔ ግን እየኖርኩት ገባኝ።

ሦስት ወር ታገሺ፣ ከዚያ ይተውሻል ይላሉ ሰዎች። ምኑን እንደምትታገሺ የሚነግርሽ ግን የለም። አፌ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሳንቲም የምጠባ ይመስለኛል። ጡቴ የእኔ አልመስል ብሎኝ ደረጃ ስወርድ በክንዴ እደግፈዋለሁ። ሽንቴ ጠረጴዛ አስተካክዬ ሳልጨርስ ይመጣል። ቆሜ ትእዛዝ እየተቀበልኩ እንቅልፍ ይወስደኛል፤ ሰውየው ክትፎ ብሎኝ ጥብስ ያቀረብኩበት ቀን አለ። ከቆቃ የሚመጣውን ዓሣ ገና ባጃጁ በር ላይ ሲቆም አውቀዋለሁ፣ አፍንጫዬ የውሻ ሆኗል። የዩኒፎርሙ ቀሚስ አልዘጋ ስላለኝ ቁልፉን በፀጉር ላስቲክ አያይዤ ሸሚዜን ከላይ አወርድበታለሁ። ሆድ ግን የለም። ልብስ አውልቄ መስታወት ፊት ስቆም የማየው ሽሮ በልታ የተነፋች ሴት ነው። ሕመሙ ሁሉ አለ፣ ምስክሩ ብቻ የለም።

ቴሌግራም ላይ የእርጉዞች ቻናል ነበረኝ። በዚህ ሳምንት ልጅሽ ሎሚ ያክላል ይለኛል፣ ከሥሩም አበባና ልብ ይደረድራል። ባለፈው ዓመትም ሎሚ ድረስ ሳይደርስ ነው የወረደው። ቻናሉን ዘግቼ እንደገና እከፍተዋለሁ። ጠዋት ስነቃ መጀመሪያ የማደርገው ነገር ሌላ አልነበረም፤ አንሶላውን ገልጬ ደም አለ ወይ ብዬ ማየት።

ጨጓራ ብሎ መዋሸትም የራሱ ጣጣ አለው። ሰው ሁሉ ሐኪምሽ ይሆናል። ኩሽና ውስጥ ሁላችንም እናት የምንላት የአርሲ ሴትዮ አለች፤ ወጥ ሠሪ ናት፣ እጇ ከባድ አንጀቷ ለስላሳ። አንድ ቀን ፌጦ አድቅቃ በሎሚ በጥብጣ በብርጭቆ ይዛልኝ መጣች።

«ኢንተላ ኮ፣ ጠጪው» አለችኝ። ልጄ ማለቷ ነው። «የእኔን ጨጓራ የነቀለው ይኼ ነው።»

ፌጦ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ። በኋላ እጠጣዋለሁ ብዬ ብርጭቆውን ላስቀምጥ ስል ኃላፊዋ በሩ ላይ ቆማለች።

«መድኃኒት ቀርቦላት ካልጠጣች በሽታው ውሸት ነው» አለች እየሳቀች። ከኋላዋ ያሉትም ሳቁ።

ልናገር ወይስ ልዋጥ? አንድ ጉንጭ ዋጥኩ። ጉሮሮዬን አቃጠለው። የቀረውን አፌ ውስጥ ይዤ ወጣሁና አትክልቱ ሥር ተፋሁት። ሴትዮዋ ደስ ብሏት ነገም አመጣልሻለሁ አለችኝ። የዚያን ቀን የጠላሁት እሷን አልነበረም።

በዚያው ሰሞን መብራት ጠፍቶ ሊፍቱ ቆመ። ላይኛው አዳራሽ ለሻይ ዕረፍት ለስላሳ ይፈለግ ነበር። ኃላፊዋ ሣጥኖቹን ለሦስታችን ደለደለች። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ የእኔን ሊያነሣልኝ እጁን ሲዘረጋ፣ ሣጥን ተሸክሞ በጨጓራ የሞተ የለም ብላ መለሰችው። አነሣሁ። ደረጃውን ግድግዳ በጎኔ እየተደገፍኩ ወጣሁ። ሠልጣኞቹ ለስላሳቸውን ጠጡ። ከሰዓት በኋላ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ቁጭ ስል ደም አየሁ።

ብዙ አልነበረም። ባለፈው ዓመትም ሲጀምር ብዙ አልነበረም።

ለማንም ሳልናገር ወጣሁ። ዩኒፎርሙን ሳላወልቅ ባጃጅ ይዤ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሹፌሩን ቀስ በል ብለው ምን ሆነሽ ነው አለኝ፤ ጨጓራዬ ነው አልኩት። ደም እየፈሰሰኝ እንኳ ምላሴ ጨጓራ ማለቱን አልረሳም።

አዋላጇ ያለፈው ዓመቷ አይደለችም፣ ወጣት ናት፣ ደክሟታል። ስታናግረኝም እጇ አላረፈም። ሆዴ ላይ ያንን ቀዝቃዛ ነገር ቀባችና ስክሪኑን ወደ ራሷ አዙራ ዝም አለች። ያ ዝምታ ለእሷ ሥራ ነው። እኔ ጣሪያው ላይ ያለውን የዝናብ እድፍ እያየሁ፣ በዚህ ጊዜ ከወረደብኝ ደግሞ ጥፋቱ የትኛው ይባል ይሆን እያልኩ አስብ ነበር። ፌጦው፣ ሣጥኑ ወይስ ያልከፈትኩት አፌ።

«ልቡ ይመታል» አለች። ስክሪኑን አዞረችልኝ። «ያውልሽ፣ እጁን ያወራጫል።»

አለቀስኩ። የደስታ ለቅሶ ነው ብላችሁ እንዳትሳሳቱ። ተናድጄ ነው ያለቀስኩት።

ስለ ፌጦው ስጠይቃት አንድ ጉንጭ ምንም አያደርግሽም አለች። ሣጥኑ ነው ወይ ስላት አይታወቅም፣ አንዳንዴ እንዲሁም ይደማል አለች። ደሙ ከጨመረ ወይም ቁርጠት ከመጣ ሌሊትም ቢሆን ነይ፤ እስከዚያ ግን ከባድ ነገር አታንሺ፣ እረፊ። ከዚያ ሥራ ቦታ ያውቃሉ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አያውቁም አልኳት።

«ታዲያ እነሱ ምን ያድርጉሽ? ንገሪያቸው እንጂ። ሦስት ወሩ ሊያልቅ ከማን ነው የምትደብቂው?»

ቤት ገብቼ ለአማቴ የሆነውን ነገርኳቸው። ደሙ ቆመ ወይ አላሉኝም። መጀመሪያ የጠየቁኝ «ለማን ተናገርሽ?» ብለው ነው። ለማንም አልኩ። አላመኑኝም። ስምምነታችን በመጨረሻ እንዲህ ሆነ፤ እተኛለሁ፣ ለሆቴሉ ግን ታይፎይድ ይዟታል ይባላል። ከጨጓራ ወደ ታይፎይድ አደግኩ። ኃላፊዋ በስልክ ታይፎይድሽ ሲለቅሽ ነይ አለችኝ።

ተኝቼም ቢሆን ውኃ ሲመጣ በርሜል የምሞላው እኔ ነበርኩ። ጎረቤት ሲገባ ደግሞ ከአልጋ ተነሥቼ ወንበር ላይ እቀመጥ ነበር፤ ተኝታ አገኘናት እንዳይሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት አማቴ ገበያ ወጥተው ሳለ ሁለት ሴቶች በሩን አንኳኩ። ከአማቴ ጋር የማርያም ማኅበር የሚጠጡ ናቸው፣ በሰላምታ አውቃቸዋለሁ። አንደኛዋ ጠበል በሃይላንድ ይዘዋል። እንደ ልማዴ ከአልጋው ልነሣ ስል ትከሻዬን ያዙኝ።

«ተይ ተኚ፣ የያዝሽው ነገር ቀላል ነው እንዴ?» አሉኝ።

ታይፎይድ ነው አልኩ። ተያዩና ሳቁ። ወፈር ያሉት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ።

«ለእኛማ አትደብቂን። አማትሽ ምርመራውን ያሳየሻት ዕለት ማታውኑ ነግራናለች። ይኼው ከዚያ ጀምሮ በየወሩ ስእለት ተስለን፣ ጸሎት አድርሰን። የእኔ ምራት እንኳ ስንት ሰገደችልሽ።»

«ምራትዎም ታውቃለች?»

«ማን የማያውቅ አለ?» አሉ ሌላዋ ጠበሉን እያስቀመጡ። «እኛ እኮ የሚያስቀን ደብቀሽ መሄድሽ ነው። በዚያ ንፋስ ስትራመጂ እያየን፣ ምስኪን፣ እንላለን።»

አማቴ ቲማቲም በፌስታል ይዘው ገቡ። ሴቶቹን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ፌስታሉን መሬት ላይ አስቀመጡት። ሴቶቹም ነገሩ ስለገባቸው ብዙ አልቆዩም።

«ለስንት ሰው ነግረዋል?» አልኳቸው።

«ለማንም አልነገርኩም።»

«እነዚህስ?»

«እነሱ ሰው ናቸው እንዴ? ማኅበርተኞቼ ናቸው። የነገርኳቸው ለጸሎት ነው።»

«እኔ ደግሞ የምነግረው ሣጥን እንዳልሸከም ነበር።»

«ያለፈው ጊዜ ተናግረሽ ምን አተረፍሽ?» አሉኝ። ይህንን እጠብቀው ነበር። ቀጥለው ያሉትን ግን አልጠበቅሁም። ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉና ነጠላቸውን ጉልበታቸው ላይ ሰበሰቡ። «ምን ታውቂያለሽ አንቺ። ከባልሽ በፊት ሁለት ወርዶብኛል። እናቴ አስምላኝ ለአንድ ፍጡር አልተነፈስኩም። እንጨት ተሸክሜ፣ ዝም እንዳልኩ ወረደ። ለዚህ ነው ባንቺ ጊዜ ዝም ማለት ያቃተኝ።»

ፊታቸውን አየሁት። እውነታቸውን ነው፣ ለእኔ ሲሉ የፈጠሩት አይደለም።

«እርስዎ ዝም ብለው ከወረደብዎት» አልኳቸው፣ «የእኔ አፍ ያኔ ምን አደረገ?»

ቲማቲሙን ከፌስታሉ አንድ በአንድ እያወጡ ጠረጴዛው ላይ መደርደር ጀመሩ። ጠበቅኋቸው። ዓመት ሙሉ ያሸከሙኝን ጥፋት የሚያነሡልኝ ሰዓት ነው ብዬ ጠበቅኋቸው። የበሰበሰውን ለዩና ለብቻው አደረጉት።

ከአልጋው ተነሣሁ። ልብሴን በትንሿ ሻንጣ ከተትኩ፣ ዩኒፎርሙን ምስማሩ ላይ ተውኩት። ለባሌ ስደውል አይሠራም። እናቴ ጋ ደወልኩና ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ደም አይቻለሁ፣ እየመጣሁ ነው አልኳት። ለምን እስካሁን አለች። መጥቼ እነግርሻለሁ አልኩ።

«ባልሽ ሊመጣ ነው እኮ፣ ምን እለዋለሁ?» አሉ አማቴ ከበሩ ሥር። «ሰፈሩስ?»

ሻንጣውን እንዳላነሣ ብዬ በጎማው እየጎተትኩ ወጣሁ። መናኸሪያ ስደርስ የመቂው ሚኒባስ ሊሞላ ነው። ገቢና አንድ ወፍራም ሰውዬ ስልኩን እያየ ተቀምጧል። ሹፌሩን ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ከኋላ ጎማው ላይ አልቀመጥም አልኩት፤ ወረፋ የሚጠብቁት ሁሉ እንዲሰሙ አድርጌ።

ሹፌሩ ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ሆዱ የታለ?»

«ይመጣል።»

ሳቀና ሰውየውን በትከሻው ነካው። ሰውየው እያጉረመረመ ወርዶ ወደ ኋላ ገባ። ሻንጣዬን ሹፌሩ ተቀብሎ ከእግሬ ሥር አስገባልኝ። ወንበሩን ወደ ኋላ ለጠጥ አደረግሁት፣ ቀበቶውን ከእምብርቴ ዝቅ አድርጌ አሰርኩ፣ በሞጆ በኩል ወጣን።