ቲቸር ፋዲላና የወርቁ ስልክ

ፋዲላ ሸዋ ሮቢት ውስጥ አራተኛ ክፍል የምታስተምር መምህርት ነበረች። ሕፃን ሲያጠፋ ትታገሣለች፤ ጢም ያወጣ ሰው ሕፃን ሲሆን ግን ዓይኗ ባያየው ትወዳለች። በ2007 ዓ.ም. ከወላጆች ቀን በኋላ የምትንቀው ሰው በዛባት።

የዚያን ዕለት ተማሪዋ ሲሃም ግጥም ልታነብ ወጣች። ሲሃም ስትናገር ትንተባተባለች፤ ቢሆንም ቤቷ ስትለማመድ ከርማለች። መሐል ላይ «ው... ው... ውሃ» የሚለው ቃል አልወጣ አላት። የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢው ወርቁ ከፊት ወንበር ተንፈላስሶ፣ አዲስ ስልኩን ደግኖ ቀረጻት። ማታውኑ ፌስቡክ ላይ ለቀቀው፤ ከሥሩ የሳቅ ምልክት ደረደረበት። ኢንተርኔት የሌለው ከጎረቤቱ በብሉቱዝ ተቀበለ። ሳምንት ሳይሞላ የባጃጅ ሾፌሮች ልጅቷን ባዩ ቁጥር «ው... ው... ውሃ!» እያሉ ክላክስ ያደርጉባት ጀመር። ሲሃም ስሟ ሲጠራ እንኳ «አቤት» ማለት ተወች፤ እጇን ብቻ ታነሳለች።

ፋዲላ ለርዕሰ መምህሩ ነገረችው።

«ጨዋታ እኮ ነው» አላት። «ደግሞ ወርቁ ለትምህርት ቤታችን ስንት ያደረገ ሰው ነው።»

አፏን ለማዘጋት ያህል ከወረዳ የኢንተርኔት ባለሙያ አስመጣ። ባለሙያው የራሳቸው ስልክ ለሌላቸው ልጆች «የይለፍ ቃላችሁን ለማንም አትስጡ» ብሎ፣ ላቡን ጠርጎ፣ ለስላሳውን ጨልጦ ሄደ። «ይሄም ደመወዝ ይበላል» አለች ፋዲላ በሆዷ።

በማግስቱ አስቀድማ ሲሃምን ለብቻዋ ጠርታ «ነገሩን ክፍል ውስጥ ላንሣው?» ብላ ጠየቀቻት። ልጅቷ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ፋዲላም ክፍል ገብታ «ቪዲዮውን ያየ?» አለች። ሁሉም እጁን አወጣ።

«በማን ስልክ?»

«በአባቴ!» «በአጎቴ!» «በእትዬ ከበቡሽ!»

«እንግዲህ ስሙኝ። ሰው የሚያሳፍር ነገር ሲያሳዩአችሁ አትሳቁ፤ ለሌላም አታሳዩ። በራሳችሁ ከደረሰ ደግሞ ለምታምኑት ሰው ንገሩ፤ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም።»

«ቲቸር፣ የሚያሳየን ትልቅ ሰው ቢሆንስ?» አለች ሕይወት፣ የወርቁ ልጅ።

«በትሕትና ‹አጥፉት› በሏቸው።»

ሕይወት ቤቷ ገብታ እንደተባለችው አደረገች። ጠዋት ወርቁ ክፍሉ በር ላይ ተገተረ።

«ልጄን በአባቷ ላይ ታሳድሚያለሽ?»

«ያስተማርኳት የአራተኛ ክፍል ትምህርት ነው፣ አቶ ወርቁ። ከከበደዎት ኋላ ባዶ ወንበር አለ፤ ይቀመጡ።»

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ፋዲላ ዞር ብላ «በሰው አይሳቅም አላልኩም?» ስትል ጸጥ አሉ። ወርቁን ከሳቁ ይልቅ ዝምታው አንገበገበው፤ በሩን ድርግም አድርጎ ሄደ።

ቢሮ ሄዶ ከሰሳት። ርዕሰ መምህሩም በወላጆች ኮሚቴ ስብሰባ ላይ ይቅርታ እንድትጠይቅ አዘዛት። «ለምኑ?» ብላ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ወርቁ በኋላ ቪዲዮውን ከፌስቡክ ያጠፋው ልጁ አኩርፋ አላናግር ስላለችው እንጂ አፍሮ አልነበረም። በሰው ስልክ የቀረውም ሌላ መሳለቂያ እስኪገኝ ድረስ ዞረ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ሲሃም እጇን አውጥታ ከመጽሐፉ አንድ አንቀጽ አነበበች። ረጅም ጊዜ ወሰደባት፤ ክፍሉ ሁሉ ጠበቃት።

በዚያው ሰሞን ገበያ ላይ ወርቁ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ «እንዴት ነሽ፣ መምህርት?» ብሎ እጁን ዘረጋላት። ፋዲላ ቀና ብላ እጁን አየችው፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ ሽንኩርቷን መምረጥ ቀጠለች።